ትኩሳቱ የወባ ነው ወይስ የልብ?



የዚህን ወር የጤና ዓምዳችንን የሰጠነው ከጋምቤላ ክልል፣ ከፑኝዶ ለደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን የጻፉልን እህታችን በከተማው ትንሽ ሱቅ አላቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን አንጠቅሰውም። ታናሽ ወንድማቸው በልጅነቱ ጉሮሮውን እየታመመ አደገ። በኋላ መገጣጠሚያው ያብጥ ጀመር፤ ቆይቶም ትንፋሽ ያጥረው ገባ። በመጨረሻ የልቡ ቫልቭ ተበላሽቷል ተብሎ የዛሬ ሦስት ዓመት በቀዶ ሕክምና የብረት ቫልቭ ተገጠመለት። ከዚያ ወዲህ ደህና ነበር፤ ሥራም ጀምሮ ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ትኩሳት ያዘው።

"ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ወሰደ። ሁለት ጊዜ ደግሞ ታይፎይድ ነው ተብሎ መርፌ ተወጋ። ሲወጋ ይሻለዋል፤ ባቆመ በሳምንቱ ይመለስበታል" ይላሉ እህታችን። ሌሊት ያልበዋል፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ ሰውነቱም ከስቷል። በዘመድ በኩል አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ ሐኪም በስልክ ተማክረው "የኑክሊየር ምርመራ ቢያገኝ ጥሩ ነበር፤ ለዚያ ግን ውጭ ሀገር መሄድ ሳያስፈልገው አይቀርም" አሏቸው። ቤተሰቡም ሱቁንና ያሉትን ጥቂት ከብቶች ለመሸጥ እየመከረ ነው። የእህታችን ጥያቄ ሁለት ነው፦ ይህ ኑክሊየር የሚባለው ምርመራ ምንድን ነው? ያለንን ብንሸጥለትስ ያዋጣናል ወይ?

ነገሩ የሚቆይ ስላልሆነ ለእህታችን መጽሔቱ እስኪታተም አልጠበቅንም፤ መልሱን በስልክ ነግረናቸዋል። እዚህ የምንጽፈው ተመሳሳይ ጭንቅ ያለባቸው ሌሎች ቤተሰቦችም እንዲያነቡት ነው።

በቅድሚያ ስለ ወባው እንነጋገር። ወባ ከጋምቤላ ቆላ የማይጠፋ በሽታ እንደመሆኑ፣ ትኩሳት ሲመጣ መጀመሪያ እሱን መጠርጠር ስህተት አይደለም። ደሙን ሳይመረምሩ መተው ነበር ስህተቱ። ችግሩ ያለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ጊዜ ላይ ነው። መድኃኒቱ በሥርዓቱ ተወስዶ ትኩሳቱ ከተመለሰ፣ ያውም ታማሚው ልቡን በቀዶ ሕክምና የታከመ ወይም ከዚህ በፊት "የልብ ቫልቭ ችግር አለብህ" የተባለ ሰው ከሆነ፣ ጥያቄው መለወጥ ነበረበት። ወባ በበዛበት ሀገር የሚኖር ሰው የወባ ተሕዋስ በደሙ እየተገኘም ሌላ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። የላቦራቶሪው ወረቀት "ወባ አለ" ሲል "ሌላ የለም" ማለቱ አይደለም።

ሌላው በሽታ ምን ሊሆን ይችላል? ልባችን አራት ቫልቮች አሉት። ደም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች ናቸው። ጤነኛ ቫልቭ ልሙጥ ስለሆነ ባክቴሪያ በቀላሉ አይጣበቅበትም። የተጎዳ ቫልቭ ወይም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ግን እንደዚያ አይደለም። ከታመመ ድድ፣ ከቆዳ ቁስል ወይም ካልጸዳ መርፌ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ ይይዘዋል፤ ደም ይረጋበታል፤ እየዋለ እያደረ ኪንታሮት የመሰለ ጓል ይሠራል። ሐኪሞች ኢንፌክቲቭ ኢንዶካርዳይተስ የሚሉት ይህን ነው። ከጓሉ ቁራጭ ተገንጥሎ ወደ አንጎል ቢሄድ ግማሽ አካልን ሽባ ያደርጋል፤ ወደ ጣፊያና ኩላሊትም ይሄዳል። ቫልቩም ራሱ ሊቀደድ ወይም ከተሰፋበት ሊላቀቅ ይችላል። ሕክምናው በተሟላባቸው ሀገሮች እንኳ በዚህ በሽታ ሆስፒታል ከሚገቡት 100 ሰዎች ከ15 እስከ 30 የሚደርሱት እዚያው ይሞታሉ።

በሀገራችን ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም በተጎዳ ልብ ላይ ነው። የጉሮሮው ባክቴሪያ ሰውነትን ሲያስቆጣ፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት የሚያዘጋጀው መከላከያ የገዛ ልቡን ቫልቭ ያጠቃል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ጅማ አካባቢ ምንም ሕመም የማይሰማቸውን ተማሪዎች በልብ አልትራሳውንድ መርምሮ፣ ከ1000ው 31 በሚሆኑት ላይ የዚህ ጉዳት ምልክት አግኝቷል። ፑኝዶ ለብቻው የተቆጠረ ቁጥር ባይኖረንም፣ ሰው ተጠጋግቶ በሚኖርበትና ጉሮሮ በሚተላለፍበት ቦታ ሁሉ ሥጋቱ አለ። በፑኝዶ ደግሞ ከከተማው ሕዝብ ሌላ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሰፈሩበት ካምፕ እንዳለ አንባብያን ያውቃሉ።

የተበላሸ ቫልቭ ሲቀየር ደግሞ የሰው ሠራሽ ቫልቭ ባለቤቶች ቁጥር ይጨምራል። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉን ከከፈተ ወዲህ ቀድሞ ውጭ ካልሄዱ የማይድኑ ልጆች እዚሁ መታከም ጀምረዋል። እነዚህ ልጆች ወደየቀያቸው ይመለሳሉ። ወደ ገጠር፣ ወደ ጠረፍ፣ ወደ ፑኝዶ የሚመለሱም አሉ። ቫልቩን የገጠመው ሐኪም አዲስ አበባ ነው፤ ትኩሳት ሲይዛቸው የሚያዩት ግን የቀበሌያቸው ነርስ ናቸው።

ወደ ኑክሊየሩ እንምጣ። ቃሉን ስንሰማ ብዙዎቻችን ቦምብ ይታየናል፤ የእህታችንም ቤተሰብ መጀመሪያ የፈራው ይህንኑ ነው። ምርመራው ግን ከቦምብ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ነው። በራጅ ጨረሩ ከመሣሪያው ተነስቶ በሰውየው ውስጥ ያልፋል። በኑክሊየር ምርመራ ደግሞ ጨረር የሚያመነጭ በጣም ጥቂት ንጥረ ነገር በደም ሥር ይሰጥና፣ መሣሪያው ከውጭ ሆኖ ንጥረ ነገሩ የት እንደተሰበሰበ ይመለከታል። ራጅ የአካሉን ቅርጽ ያሳያል፤ ይኸኛው ደግሞ በዚያ አካል ውስጥ ሥራ የበዛበትን ቦታ ያሳያል።

ለልብ ኢንፌክሽን የሚያገለግለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፔት ሲቲ ይባላል። ስኳር የሚመስል ኤፍዲጂ የተባለ ንጥረ ነገር ፍሎሪን 18 ከተባለ ጨረር አመንጪ ጋር ተጣምሮ ይወጋል። ኢንፌክሽን ባለበት ቦታ የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች ስኳር በብዛት ስለሚበሉ፣ ቦታው በሥዕሉ ላይ ደምቆ ይታያል። ሁለተኛው መንገድ ከታማሚው ከራሱ ደም ጥቂት ተወስዶ፣ ነጭ ሴሎቹ ተለይተው፣ ቴክኒሺየም በተባለ ንጥረ ነገር ምልክት ተደርጎባቸው መልሰው የሚሰጡበት ነው። ሴሎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ ኢንፌክሽኑ ይሄዳሉ፤ ጋማ ካሜራም ይከታተላቸዋል። ሥዕሉ አንድ ጊዜ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በማግሥቱ ይነሳል። ይህኛው ሥራው አድካሚ ቢሆንም ኢንፌክሽንን ከተራ ቁስለት በመለየት ከመጀመሪያው ይበልጣል።

አልትራሳውንድ እያለ ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው በብረቱ ላይ ነው። ኤኮ የምንለው የልብ አልትራሳውንድ በተፈጥሮ ቫልቭ ላይ የበቀለውን ጓል ጥሩ አድርጎ ያሳያል። የብረት ቫልቭ ግን ድምፁን መልሶ ይመታውና ከኋላው ጥላ ይጥላል። ጓሉ ወይም መግሉ ከጥላው ሥር ሊደበቅ ይችላል። በጉሮሮ የሚገባው ኤኮ የተሻለ ቢያሳይም እሱም የሚያመልጠው አለ። የፈረንሳይ የማርሴይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ሰው ሠራሽ ቫልቫቸው ተመርዟል ተብለው የተጠረጠሩ 72 ሰዎችን አይተው ነበር። በተለመደው መመዘኛ በመጀመሪያው ቀን በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 70ው ብቻ ሲለዩ፣ የፔት ውጤት ሲጨመርበት ግን 97 ደረሱ። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 መመሪያው ውስጥ ይህን ምርመራ ያስገባው በእንዲህ ያለ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣውና በዱክ ዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠራው መመዘኛም እ.ኤ.አ. በ2023 ሲታደስ ፔትን ከዋና ዋና ማስረጃዎች ጎን አስቀምጦታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ እንዲያዝልን እንፈልጋለን። ይህ ሁሉ ምስጋና ለሰው ሠራሽ ቫልቭ ነው። ቫልቩ ተፈጥሯዊ ሲሆን ፔት በሽታው ካለባቸው 100 ሰዎች 30 ያህሉን ብቻ ነው የሚያገኘው። በተፈጥሮ ቫልቭ ላይ የሚበቅለው ጓል ትንሽ ነው፤ ከልቡ ጋር ይወዛወዛል፤ ውስጡም የረጋ ደም እንጂ ነጭ ሴል ብዙ የለውም። ስለዚህ ቫልቩ ያልተቀየረለት ሰው "ፔት ተነስቼ ነጻ ነኝ ተባልኩ" ብሎ ቢተኛ ራሱን ያታልላል። በአንጻሩ ቫልቩ ከተገጠመ ገና ሦስት ወር ካልሞላው፣ የቀዶ ሕክምናው ቁስል ራሱ እንደ ኢንፌክሽን ሊደምቅ ይችላል። ለረዥም ጊዜ አንቲባዮቲክ ሲወስድ የቆየ ሰው ደግሞ በሽታው ሳይጠፋ ድምቀቱ ሊደበዝዝ ይችላል። ፔት መላ ሰውነትን ስለሚያሳይ ወደ ጣፊያ ወይም ወደ አከርካሪ የተበተነውን ያገኛል። አንጎል ግን ሁልጊዜም ስኳር በላተኛ ስለሆነ እዚያ ያለውን መለየት ያቅተዋል፤ ለአንጎል ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

የምርመራው ዝግጅት ለአንባቢዎቻችን እንግዳም የተለመደም ነው። የልብ ጡንቻ ራሱ ስኳር ከበላ ሥዕሉ በሙሉ ይደምቅና ቫልቩ አይለይም። ልቡ ስኳር ትቶ ስብ እንዲያቃጥል፣ በዋዜማው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ተምር፣ ማርና ስኳር ያለው ሻይ ይከለከሉና ሥጋ፣ እንቁላልና ቅቤ ብቻ ይበላል፤ ከዚያም ቢያንስ 12 ሰዓት ይጾማል፤ ውኃ ግን ይጠጣል። "መጾም የለመድን ነን" ብሎ በተምርና በሻይ ሱሑር አድርጎ የሄደ ሰው ምርመራውን ያበላሻል። የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ያለ ሐኪም ምክር ይህን እንዳይሞክር። ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናትም አስቀድማ መናገር አለባት። ጨረሩ ለሌላው ሰው ትንሽ ነው፤ ኤፍዲጂም በቀን ውስጥ ከሰውነት ይጠፋል ለማለት ይቻላል።

መጥፋቱ ግን ለሩቅ ሀገር ሰው ችግርም ነው። ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው ግማሹ ያልቃል። ጠዋት ከአዲስ አበባ ተጭኖ በማግሥቱ ጠዋት ፑኝዶ ይድረስ ብንል፣ የሚቀረው ከ8000 አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ፔት ያለበት ከተማ ንጥረ ነገሩን የሚሠራው ሳይክሎትሮን የተባለ መሣሪያ እዚያው ወይም ቅርቡ መኖር አለበት። ከጎረቤቶቻችን ናይሮቢ በሚገኘው የአጋ ኻን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንዲህ ያለ አገልግሎት አለ፤ ወገኖቻችን ለሕክምና የሚሄዱባቸው ሕንድና ቱርክም አላቸው።

ቴክኒሺየም ትንሽ ይታገሣል። እሱ የሚገኘው ሞሊብዲነም ከተባለ እናት ንጥረ ነገር ነው። ሞሊብዲነሙ እንደ ደቡብ አፍሪካው ሳፋሪ 1 ባሉ ጥቂት የኑክሊየር ማብለያዎች ተሠርቶ፣ በእርሳስ በተሸፈነ ዕቃ ታሽጎ በአውሮፕላን ይላካል። ባለሙያው በየጠዋቱ የጨው ውኃ እያሳለፈ ቴክኒሺየሙን ይቀዳል። ሥራውን ማለብ ይሉታል፤ ለፑኝዶ ከብት አርቢ ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። ሞሊብዲነሙ በ66 ሰዓት ግማሹ ስለሚያልቅ በሳምንቱ የሚቀረው ስድስት አንድ እጅ ብቻ ነው። ጉምሩክ ላይ ሦስት ቀን የዘገየ ዕቃ ግማሽ በላይ "ደርቋል" ማለት ነው። በሀገራችን የኑክሊየር ሕክምና ሲነሳ ስሙ የሚጠራው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ጋማ ካሜራውም በአብዛኛው ለእንቅርት፣ ለአጥንትና ለኩላሊት ምርመራ ያገለግላል። ነጭ ሴል ለይቶ ምልክት ማድረግ ከካሜራው ሌላ ንጹሕ ክፍልና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል።

እንግዲህ ይሸጡ ወይስ አይሽጡ? እኛ የነገርናቸው "ገና አትሽጡ" ብለን ነው። የወንድማቸው ነገር ለኑክሊየር ምርመራ የማይሆን ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም የብረት ቫልቭ ያለው፣ ቫልቩም ከተገጠመ ሦስት ዓመት የሆነው ሰው ምርመራው ከሚጠቅማቸው ዋነኛው ነው። ነገር ግን ከሱ በፊት መሠራት ያለበትና ዋጋው ከአንድ ጥጃ የማይደርስ ምርመራ አልተሠራለትም። እሱም የደም ካልቸር ነው። ደም ከተለያየ ቦታ፣ በተለያየ ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ በንጽሕና ተወስዶ ምግብ ባለው ጠርሙስ ይቀመጥና ባክቴሪያው ሲያድግ ስሙና የሚገድለው መድኃኒት ይታወቃል። ፔት "እዚህ ኢንፌክሽን አለ" ይላል እንጂ የባክቴሪያውን ስም አይናገርም። ስሙ ሳይታወቅ ደግሞ ቢያንስ ስድስት ሳምንት በደም ሥር የሚሰጠውን መድኃኒት መምረጥ በጨለማ መተኮስ ይሆናል።

ይህን ቀላል ምርመራ የሚያበላሸው ያው "ሲወጋ ይሻለዋል" የተባለው መርፌ ነው። አንቲባዮቲክ ደሙ ከመቀዳቱ በፊት ከተሰጠ ባክቴሪያው ይዳከምና ጠርሙሱ ውስጥ አያድግም፤ ቫልቩ ላይ ግን ይቀራል። ለጥቂት ቀን የሚሻለውም፣ ሲያቆም የሚመለስበትም በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ አስተያየት በሀገራችን ከፔት እጥረት ይልቅ የሚጎዳን ይህ ነው፤ ምንነቱ ያልታወቀ ትኩሳት ሁሉ በየመድኃኒት ቤቱ በመርፌ ይሸፈናል፤ ካልቸር የሚሠራ ላቦራቶሪም ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወጣ ሲባል ማግኘት ያስቸግራል። ውጭ የሚሄደውም ሰው እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው "ካልቸሩ የታለ?" ተብሎ ነው።

ስለዚህ ወንድማቸው ፑኝዶ ውስጥ ሌላ መርፌ ሳይጨምር፣ በአቦቦ በኩል ያለውን ወደ 110 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ተጉዞ ጋምቤላ እንዲደርስ፣ ከዚያም ካልቸርና በጉሮሮ የሚገባ ኤኮ ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጻፍለት መከርን። ደሙ ከተቀዳ በኋላ መድኃኒቱን ወዲያው መጀመር ወይስ ትንሽ መጠበቅ እንደሚሻል የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ትንፋሹ ካጠረ፣ አንደበቱ ከተያዘ ወይም እጅ እግሩ ከዛለ ግን ምንም ምርመራ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ለብረት ቫልቩ የሚወስደውን የደም ማቅጠኛ ዋርፋሪን በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥም አጥብቀን ነግረናል። ካልቸሩ ባክቴሪያ ካወጣና ኤኮውም ጓሉን ካሳየ ፔት ሳያስፈልገው ሕክምናው ይጀመራል። ሁለቱ ሳይስማሙ ወይም ኤኮው ጥላ ብቻ አሳይቶ ከቀረ ያኔ የኑክሊየር ምርመራ ቦታ አለው፤ ሐኪሞቹም ጽፈው ይልኩታል፤ ያኔ ስለ ከብቶቹ መምከር ይቻላል።

አንድ ነገር ስለ ድድም እንጨምር፤ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ቫልቭ ላይ ከሚገኙት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ የአፍ ነዋሪዎች ናቸው። ሲዋክም ሆነ ብሩሽ መጠቀም የልብ ቫልቭ ችግር ላለበት ሰው ከጥርስ ንጣት ያለፈ ጉዳይ ነው። የተቀየረ ቫልቭ ያለው ሰው ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ መናገር አለበት፤ ቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት አለና። እንጥል ማስቆረጥና ያለ ሐኪም ጥርስ መንቀልማ ጭራሽ አይሞከርም።

እህታችን ሰነዶቹን ምን ምን እንደሚይዙ ጠይቀውን ነበር፦ ቀዶ ሕክምናው የተሠራበትን የመውጫ ወረቀት፣ የቫልቩን ዓይነትና መጠን የያዘውን ካርድ፣ የዋርፋሪኑን መከታተያ ደብተር፣ ከሁለት ወር ወዲህ የተወሰዱትን መድኃኒቶች ስም ከነቀናቸው። የመጨረሻውን ከባዶ ካርቶኖቹ ላይ ለቅመው ጻፉት።

ይህን በምንጽፍበት ጊዜ ወንድማቸው ሆስፒታል ተኝቷል፤ ደሙም ሦስት ጊዜ ተቀድቶ ጠርሙስ ገብቷል። ውጤቱ እስኪመጣ የቀናት ጉዳይ ነው። ሱቁ አልተሸጠም፤ የእህታቸው ልጅ ትጠብቀዋለች።